የዳሎምኛ ዳኛ

ጫሪቴን ሁሉም ሰው የሚያናግራት በራሷ ድምፅ ነበር።

የአውቶቡስ ሹፌሩ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል በጆሮዋ የሚገባው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የነበራት ድምፅ ነው። ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለክቶ ሲመክራት፣ አከራይዋ ውሃ አባከንሽ ብላ ስትቆጣት፣ ሽንኩርት ሻጩ ሲጣራ፣ ሁሉም በዚያው ቀጭንና ትንሽ በሚጣደፍ ድምፅ ይናገራሉ። በወጣትነቷ ሁለት ባለሙያዎች የተወለደችበት ደሴት ድረስ መጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋት ለወራት የአፍ መፍቻዋን ዳሎምኛን እያስወሩ ድምፅዋን ቀድተው ነበር። ከእሷ ሌላ የተቀዳ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጆሮ ውስጥ የሚሰካው አስተርጓሚ፣ ሹክ ባዩ፣ ዳሎምኛ ሲያወራ በእሷ ድምፅ ብቻ የሚያወራ ሆኖ ቀረ።

አሁን ስልሳ ሊሞላት ነው። የገዛ ድምፅዋ ጎርንኗል፤ ሹክ ባዩ ግን አላረጀም።

አዳማ ውስጥ የሌላውን ቋንቋ መማር ከቀረ ቆይቷል። እያንዳንዱ በየአፉ ይናገራል፣ ሌላው በየጆሮው ይሰማል። ጫሪቴ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። አማርኛ በልጅነቷ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ማንም አማርኛዋን የሚፈልግበት አጋጣሚ ስለሌለ ግን እንደ ውሰት ልብስ አልመች ብሏታል። ችግሯ አለመግባባት አልነበረም፤ የሚሏትን ሁሉ ትረዳለች። አንድ ጊዜ የጎረቤቷ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ደረሰች። እናትየዋ ደረቷን እየደቃች ስለ ልጇ ስትናገር ለጫሪቴ የተሰማት የራሷ የልጅነት ድምፅ ነበር፤ ያውም ሳያለቅስ፣ ቃል በቃል፣ በጥሩ ዳሎምኛ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ሹክ ባይዋን አውጥታ ኪሷ ትከትና ምንም ሳይገባት ትቀመጣለች።

የዳሎማ ሰዎች ከደሴቱ የወጡት ሐይቁ ሸሽቶ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ ሲጠፋ ነው። ጥቂቶቹ በአንድ የሰፈራ መንደር፣ ሌሎቹ በየከተማው ተበተኑ። ወንድሟ ከሞተ በኋላ ጫሪቴ በዳሎምኛ ያናገረችው ሰው የለም። ቋንቋው የቀረው በእሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ስልክ ተደወለላት።

«ወይዘሮ ጫሪቴ ኖት? ዘርይሁን እባላለሁ። ከልሳን ዋንጫ አዘጋጆች ነው የምደውለው። ለዳሎማ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የልሳን ዳኛ እንፈልጋለን። የቀድሞው ዳኛ አርፈዋል።»

የምትጠቀልለውን አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የምን ቡድን አሉኝ?»

«የዳሎማ። አምስት ዓመት ሆናቸው እኮ ሲጫወቱ። አልሰሙም?»

«የቀድሞው ዳኛ ማን ነበሩ?»

«አቶ ጋልቾ የሚባሉ። ሻሸመኔ ነበር የሚኖሩት። ባለፈው ጥር ነው ያረፉት።»

ጋልቾን ታውቀዋለች። ከደሴቱ በስተምሥራቅ በኩል ያሉት ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ መረብ ሲጥል የሚዘፍን። ገና ድሮ የሞተ ነበር የሚመስላት። ይህን ሁሉ ዓመት ሻሸመኔ ተቀምጦ ኖሯል። እሷም ስንት ጊዜ በሻሸመኔ አልፋለች!

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

የውድድሩ ቀን እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ የማጠቢያ መኪናዎቹ ጫጫታ መሀል ቆማ በዳሎምኛ ጮክ ብላ ታወራ ነበር፤ ምላሷን ልታፍታታ። ተጫዋቾቹን ምን እንደምትጠይቃቸውም አሰበች። የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ ከየትኛው ዳርቻ ናት? ቀይ ቀሚስ አሰፋች። የሥራ ጓደኛዋ ልትዳሪ ነው ወይ ብላ ቀለደችባት። በራሷ ድምፅ የመጣ ቀልድ ስለሆነ ለመሳቅ ጊዜ ወሰደባት።

ውድድሩ አርባ ምንጭ ነበር። የሚሳተፉት ተናጋሪዎቻቸው ያለቁባቸው ወይም ሊያልቁባቸው የደረሱ ቋንቋዎች ናቸው። ሕጉ አጭር ነው። ሜዳው ውስጥ ሹክ ባይ አይገባም። ተጫዋች በራሱ ቋንቋ ብቻ ይናገራል። ከየቡድኑ ቋንቋ አንድ አዋቂ ቢጫ ባንዲራ ይዞ መስመር ዳር ይቀመጣል፤ ከቋንቋው ያልሆነ ቃል ሲሰማ ባንዲራውን ያነሣል፤ ቅጣት ምት ይሆናል። ቃሉ ከበዛ ቡድኑ ይሰረዛል። የተሰረዘ ቡድን ቋንቋ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ከሹክ ባይ ላይ ይወርዳል፤ ቡድን የሌለው ቋንቋ ተናጋሪ እንደሌለው ይቆጠራልና። ይህን አቶ ዘርይሁን በር ላይ ቆመው ነገሯት። ወፍራም፣ ፊታቸው የደከመ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ሲጨርሱ የሹክ ባይ መሰብሰቢያውን ቅርጫት አቀረቡላት።

ጫሪቴ ሹክ ባይዋን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችና ገባች።

በመጀመሪያ የሰማችው ሳል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሲያስል። ከዚያ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲያፏጭ፣ ሁለት ሴቶች በማታውቀው ቋንቋ ሲሰዳደቡ። እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ ነበረው። ባንዲራዋን ተቀብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

የዳሎማ ልጆች ሰማያዊ መለያ ለብሰው ገቡ። አንዷ፣ ረጅሟ ተከላካይ፣ የአምበልነት ጨርቅ ክንዷ ላይ አስራለች። ሶይቴ ከሚባል ሕዝብ የመጣ ቡድን ነበር ተጋጣሚያቸው። ፊሽካው ተነፋ፤ አምበሏም እጇን ዘርግታ ጮኸች።

«ካሊ! ካሊ ሙራ!»

ጫሪቴ ጆሮዋን አዘነበለች። ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ ወይም ነፋሱ ነው አለች በልቧ።

«ዴቦ ቲሌ!» አለች በረኛዋ። «ኡርሴ፣ ኡርሴ!» አለች ሌላዋ።

ዜማው የደሴቱ ነው። ቃሉን መጨረሻ ላይ ጎትቶ ወደ ላይ ማንሣቱ፣ ያ እናቷ ከማዶ ስትጣራ የምታሰማው መንጠልጠል፣ ሁሉም አለ። ቃላቱ ግን የሉም። «ካሊ» የሚባል ነገር በዳሎምኛ የለም። «ሙራ»ም የለም። የምታውቀው «ኡርሴ»ን ብቻ ነው፤ እሱም ሕፃን እሹሩሩ ሲባል የሚባል ቃል ነው። «ተኚ» ማለት ነው። ልጆቹ ግን አጥቂ ከኋላ ሲመጣባቸው እየተቆጡ «ተኚ! ተኚ!» ይባባላሉ።

ባንዲራው ጭኗ ላይ ነበር። እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አላነሣችውም።

ሁለት ለአንድ አሸነፉና ለግማሽ ፍጻሜ አለፉ። አቶ ዘርይሁን ላባቸውን እየጠረጉ መጡና በአማርኛ «ስሕተት ነበረ?» አሏት።

«የለም» አለች፤ አፏ ከልቧ ቀድሞ።

ወደ ማታ ሹክ ባይዋን መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቡድኑ ወዳረፈበት ቤት ሄደች። ልጆቹ ግቢው ውስጥ እግራቸውን በውሃ ዘፍዝፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ቆማ ለስንት ጊዜ የተለማመደችውን ሰላምታ በዳሎምኛ አለች፤ ውሃው እንዴት አሳደራችሁ፣ መረባችሁ አልተበጠሰም ወይ የሚለውን። ሹክ ባይ ያደረጉት በአማርኛ ሰምተው በአክብሮት ፈገግ አሉ። ያላደረጉት ደግሞ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም አልመለሰላትም።

ረጅሟ አምበል ተነሣችና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻት። ዶልቤ ነው ስሟ። ስትናገር ጫሪቴ በጆሮዋ የሰማችው እንዲህ የሚል የራሷ ድምፅ ነው፤ «እትዬ፣ አንችልም። አንዳችንም አንድ ቃል አናውቅም።»

ጫሪቴ ሹክ ባይዋን ነቀለች። «ይኼን ነገር አውጪውና በራስሽ አፍ ንገሪኝ» አለች በአማርኛ። «በዚህ ድምፅ ይኼን መስማት አልፈልግም።»

ዶልቤም አወጣች። የገዛ ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ነበር።

«እናቶቻችን ሲሰፍሩ ሕፃናት ነበሩ። አያቴ ጥቂት ቃል ታውቅ ነበር፤ አልጋ ላይ ሆና ትዘፍንልን ነበር እንጂ አላስተማረችንም። ቡድን ብታቋቁሙ ቋንቋችሁ አይጠፋም ሲሉን ደስ አለን። ከአያቴ የያዝነውን ይዘን ገባን። ጨዋታ ላይ ግን አይበቃም፣ እትዬ። ኳስ እየመጣ ምን ትያለሽ? አንዷ የመጣላትን ትጮሃለች። የገባት ታቀብላለች። በነጋታው ያው ቃል ይደገማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሞላ።»

«ጋልቾ ምን አለ?»

«የመጀመሪያው ቀን አለቀሱ። እኛ ደስ ብሏቸው መስሎን ነበር። ከዚያ በኋላ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ከጨዋታ ውጪ አናግረውን አያውቁም።»

ጫሪቴ የነቀለችውን ሹክ ባይ ኪሷ ከተተችው።

«ከተሰረዝን ማንም ለልምምድ አይሰበስበንም» አለች ዶልቤ። «አንዷ ዲላ ነው ያለችው፣ አንዷ ሞያሌ፣ እኔ ጡብ ፋብሪካ። በዓመት የምንገናኘው ለዚህ ብቻ ነው። ደግሞ ያስተምሩን። እንማራለን።»

«ኡርሴ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?»

«ሰው አለብሽ፣ ከኋላሽ።»

«ተኚ ማለት ነው እኮ።»

ዶልቤ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ሸፈነች። «ይቅርታ እትዬ።» ጫሪቴም ሳቀች፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። የሳቀችው ግን ብቻዋን ነበር፤ ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ባሉት ቀናት አስተማረቻቸው። ሥራው እንዳሰበችው አልነበረም። ዳሎማዎች ዓሣ አስጋሪዎች እንጂ ኳስ ተጫዋቾች አልነበሩም። «ማዕዘን ምት» የሚባል ቃል የላቸውም። «መረቡን ወርውሪ» የሚለውን ለረጅም ኳስ፣ «ጀልባው እያዘነበለ ነው» የሚለውን ደግሞ ለክንፍ አጥቂ ሰጠቻቸው። ልጆቹ እንደ ቅዱስ ነገር በጥንቃቄ ደገሙት። አንዷ አማካይ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሜዳውን ስትዞር ዋለች። ጫሪቴ በሌላ ሰው አፍ ዳሎምኛ ሰማች፤ የተሰባበረ ቢሆንም ሰማች። ያን ማታ የተኛችውን እንቅልፍ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ተኝታው አታውቅም።

ግማሽ ፍጻሜው ከሌላ ቡድን ጋር ነበር። ዳሎማዎች ትክክለኛውን ቃል ይዘው ገቡ።

የመጀመሪያው ጎል የገባባቸው በረኛዋ «መረቡን» ብላ «ወርውሪ» የሚለውን እስክታስታውስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዶልቤ የጓደኛዋን ጀርባ ልታስጠነቅቅ አፏን ከፍታ፣ ቃሉ ጠፍቷት፣ አፏ እንደተከፈተ ቀርቶ ነው። ቃሉ ትክክል ሲሆን ኳሱ ይዘገያል። ልጆቹ እንደ ተማሪ ቀና ብለው ወደ ጫሪቴ ያያሉ። ጫሪቴ ከወንበሯ ሆና ፊታቸውን ስታይ ልቧ ይጨነቅባታል፤ የጭንቀታቸው ምክንያት እሷ መሆኗ ይታወቃታል።

በእረፍት ሰዓት ዶልቤ እያለከለከች ወደ መስመሩ መጣች። በዓይኗ ጠየቀቻት።

«እንደ ለመዳችሁ ተጫወቱ» አለቻት ጫሪቴ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ።

«እትዬ፣ ባንዲራውስ?»

«ባንዲራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ሜዳው ላይ «ካሊ ሙራ!» የሚለው ጩኸት ተመለሰ። ልጆቹ ቀና ማለት ተዉ። ሳይተያዩ ይቀባበሉ ጀመር። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳለ «ዴቦ!» ተብላ ተረከዟን ዘረጋች፤ ኳሱ እዚያው አገኛት፤ ገባ። ሁለተኛውን ዶልቤ በግንባሯ አስቆጠረች። ከመካከላቸው የሚያልፈውን እያንዳንዱን ድምፅ ሁሉም ይረዱት ነበር። ከሜዳው ዳር የማይገባት ጫሪቴ ብቻ ናት።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። እዚያ ላይ ቃል አያስፈልግም። አንድ ሰው፣ አንድ ኳስ፣ አንድ በረኛ። ዳሎማዎች በአንድ ምት ተሸነፉ።

ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘርረው ሲያለቅሱ አቶ ዘርይሁን መጡ። ጉዳዩን እንደማይወዱት ከፊታቸው ያስታውቃል።

«የተጋጣሚው ቡድን አቤቱታ አቅርቧል» አሏት። «ከእረፍት በፊት አንድ ቋንቋ፣ ከእረፍት በኋላ ሌላ ቋንቋ ነው የተናገሩት ይላሉ። ድምፁ ይለያል ይላሉ። እውነት ለመናገር ልዩነቱ ለእኔም ተሰምቶኛል። የትኛው ነው ዳሎምኛው?»

ጫሪቴ ባንዲራውን ጠቀለለችው። የመጀመሪያው ነው ብትል እውነት ተናገረች። ሁለተኛው አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ይሆናል፣ ልጆቹ ይሰረዛሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅም በጆሮዋ ያለው ዳሎምኛ ይዘጋል። ሁለተኛው ነው ብትል ደግሞ እናቷን፣ ወንድሟን፣ ጋልቾንም ምን ይሁኑ ልትል ነው?

«ሁለቱም» አለች።

«ሁለተኛውንስ ይሰሙታል እርስዎ?»

«አልሰማውም።»

አቶ ዘርይሁን አንገታቸውን አከኩ። «ወይዘሮ ጫሪቴ፣ ዳኛዋ ካልሰሙት እንዴት ነው የሚሆነው?»

«እኔ የማውቀው የእናቴን ነው። ይኼ የእነሱ ነው። ዳሎማዎች ናቸው፣ ሲነጋገሩ ይግባባሉ። ከእነሱ በስተቀር የሚሰማው ቢኖር የሌላ ቋንቋ ነው፣ ስሕተት ነው እል ነበር።» የጠቀለለችውን ባንዲራ አቀበለቻቸው። «ሌላ የምትጠይቁት ሰው ካላችሁ ጠይቁ።»

እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰውየው ወደ ሜዳው አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «ቃልዎ ነው እንግዲህ» ብለው ሄዱ።

ጫሪቴ ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሣችም። ያለችው ነገር ቀብር ላይ አንድ እፍኝ አፈር ጥሎ እንደመመለስ ከበዳት። የቋንቋው ባለቤት ሆና ነበር የመጣችው። አሁን ዳሎምኛ ተብሎ በሰው ፊት የጸደቀ፣ እሷ ግን የማትችለው ነገር አለ።

በማግሥቱ ልጆቹ የሚመለሱበት አውቶቡስ በሻሸመኔ የሚያልፍ ስለነበር ዶልቤ አብራቸው እንድትሄድ ለመነቻት። ከፊት፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጧት። ጉዞው እንደተጀመረ ከኋላ ወሬው ደራ። አንዷ «ቲሌ ካሊ ኡርሴ» ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ሜዳ ላይ አልነበሩም፤ ባንዲራ የያዘ ዳኛም አልነበረም። እንዲህ ተናገሩ ብሎ ያዘዛቸው ሰው የለም። ጫሪቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሹክ ባይዋን ብታደርገውም ይህን ቋንቋ አያውቀውም።

አባያን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ ዝናብ ጣለ። መስታወቱ ላይ ወርዶ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ያቺ ግንባሯን የምትቋጥረው አማካይ ነበረች።

«ይኼን ምን ትሉታላችሁ?» አለቻት ጫሪቴ በጣቷ መስታወቱን እየነካች።

ልጅቷ አሰበች። ወደ ኋላ ዞራ ጓደኞቿን ጠየቀች። ተከራከሩ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «የለንም» አለች እንደማፈር ብላ። «ዝናብ ሲዘንብ ጨዋታ ስለሚቋረጥ አስፈልጎን አያውቅም። በእርስዎስ?»

«ዛሎታ» አለች ጫሪቴ።

«ዛሎጣ።»

ጫሪቴ ልታርማት አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ልጅቷ ከወንበሩ በላይ ብቅ ብላ ቃሉን ለኋላዋ ሰጠች። «ዛሎጣ» አለች ያቺ ተቀብላ። «ዞሎጣ» አለች ቀጥላ ያለችው። አንዷ ዝናቡ እንደሚወርድ አድርጋ አርዝማ ጎተተችው፤ ሌላዋ መጨረሻውን ቆረጠችው፤ ሳቁበት፣ ደገሙት፣ ወደ ኋላ አሳለፉት። ቃሉ ከወንበር ወንበር እየሄደ፣ በየአፉ ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠችው ወደ ዶልቤ ደረሰ። ዶልቤ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ሁሉም አጨበጨቡ።

ጫሪቴ ለመስማት ጆሮዋን አዘነበለች። የትኛው ቃል እንደሆነ አልለየችውም።